ለሌላው የምንተወው ሥራ



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሠራ ተፈጥሯዊ አካሄዱ ምን እንደሆነ ስለማወቅ ነው። ርዕሱን ስቀበል በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቢሮ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው።

ለምን ብትሉ፣ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም የሥራ መደብ አለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው ባሕርያችን የሚወደውን ሳይሆን የቅጥር ደብዳቤያችን ላይ የተጻፈውን ነው። ለቅሶ ቤት ግን ማንም ማንንም አይመድብም። የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የእያንዳንዱ እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል። አንዱ ሳይታዘዝ የድንኳኑን ብረት ተሸክሞ «አንተ እዚህ ጋ ያዝ፣ አንተ ወዲያ ሳብ» ማለት ይጀምራል። ሌላው ደብተር አውጥቶ ከዕቃ ቤት ስንት አግዳሚ፣ ስንት ብርጭቆ እንደወጣ ይመዘግባል። አንዷ ማድቤት ገብታ እሳቱን ትቆጣጠራለች። አንዱ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ያስገባል። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከሐዘንተኛው ጎን ቁጭ ይላል፤ ብረት አያነሣም፣ ብርጭቆ አይቆጥርም፣ ብዙም አይናገርም፣ ሐዘንተኛው ግን እሱ ካላጎረሰው እህል አይቀምስም።

እስከዚህ ድረስ የሚያምር ነገር ነው። ስለ ሰው ባሕርይ የሚጻፉ መጻሕፍትም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ሁሉም እንደ ተሰጥኦው አዋጣ ይላሉ። እኔ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ የሚሆነውን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ድንኳኑ ሲነቀል ያ ሲተክል አገር ያንቀጠቀጠው ሰው የለም፤ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር እየጀመረ ነው። ሸራውን አራግፎ የሚያጣጥፈው፣ ብረቱን በየቁመቱ ለይቶ የሚያስረው ሌላ ሰው ነው። በር ላይ የነበረው ደግ ሰው ለጎረቤት «ግድየለም፣ ውሰዱት» ብሎ ያዋሰው አግዳሚ አልተመለሰም፤ ባለ ደብተሩ ቤት ለቤት እየዞረ ይለቅማል፣ በሰፈሩም ቋጣሪና ነዝናዛ ይባላል። ያ ከሐዘንተኛው ጎን የተቀመጠው ሰው ለሦስት ቀን ገበያ አልወጣም፣ ውኃ አልቀዳም፤ የእሱን ድርሻ የሠራችው ሚስቱ ናት።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ የሥራ አካሄድ፣ መልካሙም ጭምር፣ ለሌላ ሰው የሚተወው ሥራ አለ። ፈጣኑ የሚለቀም ነገር ይተዋል። ጠንቃቃው የሚጠብቅ ሰው ያስቀራል። ሰላም ወዳዱ መነገር ያለበትን ከባድ ቃል ለሌላ ሰው አፍ ይተዋል። ከሰው ጋር የምትሠሩበትን ተፈጥሯዊ አካሄድ ማወቅ ከፈለጋችሁ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ከማለታችሁ በፊት «እኔ የተውኩትን ሥራ ማን እየሠራው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰውን በባሕርይ መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ ያሉ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት የሰውን ጠባይ ይወስናሉ ይሉ ነበር። የእኛ ሊቃውንትም ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ያስተምራሉ፤ ዛሬም የሚቆጣውን ሰው «እሳት ነው» የምንለው በከንቱ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መጠይቅ መጣ። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሥነ ልቡና ዓይነቶች መጽሐፍ አሳተመ። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን የእሱን ሐሳብ ይዘው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰውን በ16 ዓይነት የሚመድብ መጠይቅ አዘጋጁ። ሁለቱም በሥነ ልቡና ትምህርት ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ሥራቸው ግን ዓለምን አዳረሰ፣ ዛሬም በሥልጠና አዳራሾች ይታደላል።

እነዚህን መጠይቆች አልንቅም። ዝም የሚለው ሰው ኩሩ ላይሆን እንደሚችል፣ ብዙ የሚያወራውም ሥራ ፈት ላይሆን እንደሚችል ያስተማሩት ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ሣጥናቸው ነው። አንድ ሰው ዛሬ ሞልቶ ከሳምንታት በኋላ ድጋሚ ሲሞላው ሌላ ሣጥን ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው። በመስኩ የሚመራመሩ ሰዎች አሁን አሁን ሰውን በሣጥን ከመክተት ይልቅ በአምስት መለኪያዎች ላይ፣ እያንዳንዱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ፣ ማስቀመጥን ይመርጣሉ፤ እነሱም ተግባቢነት፣ ተስማሚነት፣ ጥንቁቅነት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንና የስሜት መረጋጋት ናቸው። ይህ የተሻለ ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው ለራሱ ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ከእሱ ኋላ የቀረውን አላየም።

ለምን አላየም? እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ባልና ሚስቶችን ለየብቻ ጠየቁ። «ቁርስ ከማዘጋጀቱ፣ ቤት ከማጽዳቱ፣ ልጆች ከመያዙ፣ ከዚህ ሁሉ የእርስዎ ድርሻ ምን ያህል ነው?» የሁለቱ መልስ ሲደመር ለአብዛኞቹ ሥራዎች ከመቶ በላይ ሆነ። ጉራ ነው እንዳትሉ፣ «በቤታችሁ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ማነው?» ዓይነት ጥያቄ ላይም ሰዎቹ የራሳቸውን ድርሻ አበዙት። ሌሊት ተነሥቼ ልጅ ማባበሌን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ተነሥታ ያባበለችበትን ሌሊት ግን ተኝቼ ስለነበር አላውቀውም። ሌላው ሰው የሚሠራልን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እኛ በሌለንበት ነው። ስለዚህ ራስን ብቻ በመመርመር የሚደረስበት ነገር አይደለም፤ የፈለገውን ያህል ቅን ልብ ቢኖረን።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

አፄ ምኒልክን ያወቁ ሰዎች ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ትዕግሥትና ለስላሳ አንደበት ብዙ ብለዋል። ለመጣባቸው ባለጉዳይ፣ ለመኳንንቱም ሆነ ለፈረንጁ መልእክተኛ፣ የሚያስከፋ መልስ መስጠት አይወዱም ነበር። ሊቀበሉት ያልፈለጉት ጉዳይ ሲቀርብ መልሳቸው «እሺ፣ ነገ» ነበር ይባላል። እቴጌ ጣይቱ ግን ባልወደዱት ነገር ላይ «እምቢ» ለማለት አይቸገሩም። ንጉሡ በገዛ አፋቸው ሊያስቀይሙት የማይፈልጉትን ሰው እቴጌዪቱ ይመልሱታል። ይህ አሠራር ለቤተ መንግሥቱ ጠቅሟል። ምኒልክ ብዙ ጠላት ሊሆን ይችል የነበረ ሰው በወዳጅነት አቆይተዋል፤ ጣይቱም ባሕርያቸው በማይሸከመው ማባበል አልባከኑም። መቀሌ ላይ በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ምሽግ በጥቃት አልበገር ሲል ውኃው ይያዝ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት እቴጌዪቱ ናቸው፤ ምሽጉ ውስጥ የነበረው ጦር በውኃ ጥም እጅ ሲሰጥ ደግሞ መሣሪያውን ይዞ በሰላም እንዲወጣ የፈቀዱት ንጉሡ ናቸው። በዚህ አንድ ድርጊት ውስጥ የሁለቱ ጠባይ ጎን ለጎን ይታያል፤ ጽናቱ የእቴጌዪቱ፣ ምሕረቱ የንጉሡ።

ታሪኩን ሙሉ የሚያደርገው ግን ሒሳቡ የወደቀበት ቦታ ነው። «እሺ» ያሉት ተወደዱ፤ «እምቢ» ያሉት ተፈሩ፣ ብዙዎችም ቂም ያዙባቸው። ንጉሡ በጠና ታመው እቴጌዪቱ ብቻቸውን ሥልጣን ላይ ሲቀሩ፣ በ1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የሹመት ፉክክር ነበር፣ ለዘመዶቻቸው ያደላሉ የሚል ስጋት ነበር፣ የአልጋ ወራሽነት ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ የሁለት ሰው «እምቢ» በአንድ ሰው አፍ ሲነገር መኖሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የምኒልክ ደግነት እውነተኛ ደግነት ነበር። ይሁንና ያ ደግነት በየቀኑ የሚጠይቀው ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም የከፈሉት ሌላ ሰው ናቸው።

እስቲ የየራሳችሁን መሥሪያ ቤት አስቡ። ሁሉም የሚወደው፣ ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ ኃላፊ አለ? ካለ፣ አጠገቡ ሁሉም የሚጠላው ምክትል ወይም የሚያማርሩት የአስተዳደር ሠራተኛ መኖሩን ተመልከቱ። ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ስናይ አንዱ መልካም፣ ሌላው ክፉ ይመስለናል። አብረን ስናያቸው ግን አንድ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ፣ ማሩ ለአንዱ፣ እሬቱ ለሌላው ደርሶ እናገኘዋለን።

ጥንቃቄም ዋጋ አለው። አንድ ሥልጠና ልሰጥ በሄድኩበት ድርጅት የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበር፤ ሥራውን የሚያከብር፣ አንድ ስሕተት የማያመልጠው ሰው። የጨረታው ሣጥን የሚታሸገው ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሠንጠረዡን ያስተካክላል፣ ድምሩን ደግሞ ደጋግሞ ያሰላል፣ ጠዋት 2፡30 ላይ «አንዴ ብቻ ልየው» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ አያየውም። ጸሐፊዋ ዋናውንና ቅጂዎቹን አትማ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መትታ፣ ፊርማ አስፈርማ፣ ቴክኒካሉን ለብቻ፣ ፋይናንሻሉን ለብቻ በፖስታ ስታሽግ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ደጅ ይጠብቃል፤ ከሜክሲኮ እስከ ሲኤምሲ በዚያ ሰዓት ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሰውየው መጠይቅ ቢሞላ «ጥንቁቅ» የሚል ውጤት ያገኛል፤ ውጤቱም ትክክል ነው። ሾፌሩን «ከእሱ ጋር መሥራት እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን «እሱ ይጠነቀቃል፣ እኛ እንሮጣለን» አለኝ። ከሾፌሩ መልስ የተረዳሁትን ያህል ከየትኛውም መጠይቅ አልተረዳሁም።

በቡድን ሥራ ጉዳይ ላይ ስማቸው ከሚጠሩ ተመራማሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሜሬዲት ቤልቢን ናቸው። በሄንሊ የአስተዳደር ኮሌጅ ሠልጣኞችን በቡድን እየከፋፈሉ በንግድ ውድድር ጨዋታ ለዓመታት አወዳደሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አወጡ። በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን አንድ ላይ ሰብስበው «አፖሎ» የሚል ስም ሰጧቸው፤ እነሱ ያሸንፋሉ ተብሎም ተጠበቀ። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኙ። ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ቀዳዳ በማግኘት የተካኑ ነበሩ፤ እርስ በርስ ሲከራከሩ ሰዓቱ ያልቃል፣ መሠራት ያለበትን ተራ ሥራ የሚያነሣው ሰው ይጠፋል። ቤልቢን ከዚህ ተነሥተው ስለ ልዩ ልዩ የቡድን ሚናዎች ጽፈዋል፤ ዝርዝሩን የፈለገ ማንበብ ይችላል። ለእኔ ግን ዋናው የአፖሎዎቹ ውድቀት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ለሌላ ሰው ይተዉ ነበር፤ ያ ሌላ ሰው ግን ቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚያሳዝን ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ሞስኮ እንሂድ።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ የሞስኮ ኦሊምፒክ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ሃያ አምስት ዙር ነው። ከሯጮቹ መካከል በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን አለ። ከእኛ በኩል ሦስት ሰዎች፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። ምሩፅን ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ይለዋል፤ መለያው መጨረሻው ላይ በድንገት መፈትለኩ ነው። አስቡት፤ እንዲህ ያለ አካሄድ ለሌላ ሰው ምን ይተዋል? በመጨረሻው 300 ሜትር ላይ የሚፈነዳ ሰው እስከዚያ ድረስ ሩጫው ለእሱ እንዲመች የሚያደርግለት ሰው ያስፈልገዋል። ሌሎቹ ሳይደክሙ፣ እግራቸው ትኩስ እንደሆነ የመጨረሻው ዙር ላይ ከደረሱ የእሱ ማርሽ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ኢትዮጵያውያኑ ያንን ሥራ ለዕድል አልተዉትም። በየተራ ወደ ፊት እየወጡ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጉታል፣ ቀዝቀዝ ያደርጉታል፣ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል፤ ቪረንና ሌሎቹ ሰላም አጡ። በዚህ ሥራ ላይ ምሩፅም ተሳትፏል፣ ሁሉን ለጓደኞቹ ጥሎ አልተቀመጠም። በመጨረሻው ዙር ማርሹን ቀየረ፣ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገባ፣ ወርቁን ወሰደ። መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ በሯጮች መካከል ተዘግቶበት ነበር። መውጫ ሲያጣ ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ምሩፅ በዚያች ክፍተት ወጥቶ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ፤ መሐመድ ከሜዳሊያው ርቆ ጨረሰ።

የዚያን ዘመን ልጆች በሬዲዮ የምናስታውሰው መፈትለኩን ነው። በየመንደሩ ልጅ ሁሉ ምሩፅ ሲሆን እንጂ መሐመድ ሲሆን አላየሁም። ሯጮቹ ራሳቸው ግን ያውቁ ነበር፤ ነገሩን ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ የሚለየውም ይህ ነው። የምሩፅ አካሄድ ለሌሎች ሥራ መተዉ አልቀረም። ሆኖም የተተወው ሥራ ምን እንደሆነ ከሩጫው በፊት ይታወቃል፣ ማን እንደሚሠራው ይታወቃል፣ ለምን እንደሚሠራው ይታወቃል። በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ሥር ያደገው ያ ቡድን የማንንም ባሕርይ ለመለወጥ አልሞከረም። ምሩፅን ከመነሻው እስከ መድረሻው ፊት ፊት እንዲመራ አላስገደደውም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል። እኛ የተውነው ሥራ ምን እንደሆነ እንዴት እንወቅ?

ሰዎችን መጠየቅ ነው፤ ግን በአገራችን ይህ ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ይሉኝታ አለን። «እስቲ ጉድለቴን ንገሩኝ» ብትሉ «ኧረ ምንም የለብህም፣ እግዜር ይስጥህ» ትባላላችሁ። ሁለተኛ፣ ግምገማ የሚባል ነገር አለፈብን። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ እየወጣ፣ የባልደረባ ድክመት በቃለ ጉባኤ ሲጻፍ፣ አንዳንዴም ከሥራ ሲያስባርር አይተናል። ያንን ያየ ሰው በስብሰባ ላይ «ስለ እኔ ምን ታስባላችሁ?» ሲባል እውነቱን አይናገርም፤ አለመናገሩም ብልህነት ነው። ይህ ጥያቄ ተበላሽቶብናል ባይ ነኝ፣ እናም እጅግ የሚያስቆጨኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ያለ እሱ አንዳችን ለሌላው የምናደርገውን ሳናውቅ ጡረታ እንወጣለን።

ስለዚህ ስለ ራሳችሁ አትጠይቁ፤ ስለ ሥራው ጠይቁ። በስብሰባ አይደለም፣ ለብቻ፤ አንድ ሥራ እንዳለቀ፣ ትኩስ ሳለ፣ ቡና እየጠጣችሁ። «ይህ ሪፖርት ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ምን ምን አስቸገራችሁ? ማታ ማን አመሸበት?» በሉ። ይህን ጥያቄ ሰው ሳይፈራ ይመልሰዋል፤ ስለ እናንተ ባሕርይ ሳይሆን ስለ ማክሰኞ ማታ ነው የሚያወራው። «ምንም፣ ብቻ የገጹ ቁጥር ተዘበራርቆ ነበር፣ እሷ አስተካከለችው» ይላችኋል። ያቺን «ብቻ» የሚለውን ጠብቋት። ከዚያ በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር የፈለጋችሁት ነው። ከሦስት የተለያዩ ሥራዎች በኋላ አንድ ዓይነት መልስ ከሰማችሁ፣ አካሄዳችሁን አገኛችሁት።

አለቃ የሆናችሁ ደግሞ በቀጥታ ብትጠይቁም እውነቱ ላይደርሳችሁ ስለሚችል ምልክቱን ተመልከቱ። ከእናንተ ስብሰባ በኋላ ሰዎች ኮሪዶር ላይ ቆመው ሌላ ስብሰባ ያደርጋሉ? እንግዲያው እናንተ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ማብራሪያውን ለእነሱ ትታችኋል። ደንበኛ እናንተን አመስግኖ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ላይ ይጮኻል? እንግዲያው ቃል የገባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ፋይሉን እየፈለገ የሚሰደበው እሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ተፈጥሮ የሚመስለን ሁሉ ተፈጥሮ አይደለም። ብዙዎቻችን በታላቅ ፊት ዐይናችንን ዝቅ ማድረግን፣ ሳይጠየቁ አለመናገርን ተምረን አድገናል። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ይህንን ጨዋነት ይዘው ሥራ ሲገቡ፣ ዐይን ዐይን አለማየታቸው እንደ ድብቅነት ወይም እንደ አለማወቅ የተቆጠረባቸው ጊዜ አለ። በአሜሪካ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስም ሐኪሙን ማቋረጥ ነውር መስሏት ዝም ብትል፣ ዝምታዋ ለበሽተኛው አደጋ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሰዎች «ዝምተኛ ባሕርይ» ብሎ መመደብ ስሕተት ነው። ቤታቸው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ስታዩዋቸው ሳቅና ክርክር ናቸው።

ይህ ደግሞ ለመጨረሻ ወዳቆየሁት ነገር ይወስደኛል፤ በተለይ ለወንዶቹ።

በአገራችን በብዙ መሥሪያ ቤቶች ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ናት። ባልደረባ ሲያገባ መዋጮ የምትሰበስበው፣ የታመመ ሲኖር «እንጠይቀው እንጂ» ብላ የምትቀሰቅሰው፣ የተጣሉትን የምታስታርቀው ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ለምን ሲባል «እሷ እኮ ተፈጥሮዋ ነው፣ ትወደዋለች» እንላለን። ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ ሁላችንም የተውነው ሥራ አንድ ሰው ላይ ሲከማች፣ ያ ሰው እየለመደው ሄዶ ባሕርይው ሊመስል ይችላል። ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ሥራውን ከእጇ ወስዶ፣ ሲቀልላት ምን እንደምታደርግ በማየት ነው።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ያላችሁ ሁሉ፣ ገና ሳይጀመር ቃለ ጉባኤውን ማን እንደሚይዝ ተነጋገሩ፤ ይዞ ከማያውቅ ሰውም ጀምሩ። ከዚያ ስትጽፍ የኖረችው ባልደረባችሁ በዚያ ስብሰባ ላይ የምትናገረውን አዳምጡ። እስከዛሬ የሌላውን ንግግር ስትመዘግብ ስለኖረች፣ ስለ ሥራችሁ ያላትን ሐሳብ ገና አልሰማችሁት ይሆናል።